ስምንት ይበቃኛል ብሎኝ ነበር

ይህ ነገር ከደረሰ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ለንስሐ አባቴ በስልክ ነግሬያቸው «ሳታውቂ ነው ልጄ» ብለውኛል። እኔ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ለወንድሜ የምደውልበት ሰዓት ሲደርስ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ይነሣብኛል።

የምኖረው ሻርጃ ነው። አንዲት አሮጊት ሳስታምም ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የተወለድነው አሰላ ነው። እናታችን ስትሞት ታናሼ ደረጀ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እቴ ነው የሚለኝ። አጥብቄ ያስተማርሁት ነገር ቢኖር እንዳይዋሽ ነው።

የደረጀ ሥራ የውጭ አገር አዳኞችን እየመራ ከአሰላ በላይ ያለው ተራራ ላይ መውጣት ነበር። በፈቃድ የሚታደነው የደጋ አጋዘን ነው፤ ያውም ወንዱ፣ ያውም ያረጀው። እሱ በአቅራቢ መነጽር አይቶ እንስሳው ወንድ መሆኑን፣ ከበስተጀርባውም ሰው ወይም ከብት አለመኖሩን ያረጋግጣል። «ንጹሕ ነው» ካላለ ማንም አይተኩስም። አንዳንዶቹ አዳኞች ደግሞ ጠመንጃ አይዙም፤ በደጋንና በቀስት ነው የሚያድኑት። ለዚያ አርባ እርምጃ ያህል መጠጋት ያስፈልጋል።

አንድ እሑድ ስንጫወት፣ ከሥራ ቦታ የተሰጠው መነጽር እንዳረጀ፣ አንደኛው መስተዋቱም ጭጋግ እንደሚይዝ ነገረኝ።

«እኔ እልክልሃለሁ» አልሁት።

«ተይ እቴ፣ ምን በወጣሽ።»

«ስንት ቁጥር ልግዛ?»

«ስምንት ቁጥር ይበቃኛል። ከዚያ በላይ አልፈልግም።»

ቁጥሩ ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ የሚናገር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ «ይበቃኛል» ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው ቤት ተጋብዘሽ ርቦሽም ቢሆን «በቃኝ» ትያለሽ፤ የሚወድሽ ሰው አይሰማሽም፣ ይጨምርልሻል። ደረጀም እኔን ላለማስቸገር ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የጠራው መሰለኝ።

ሦስት የእረፍት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። ነገር ሳላጣራ የማደርግ ሰው አይደለሁም። በመጨረሻ አንድ ሕንዳዊ ሻጭ «ለምን ሥራ ነው?» አለኝ። በቀስት ለሚያድኑ ሰዎች መሪ እንደሆነ ነገርሁት። ስምንቱን አወጣልኝ። «ከአሥር በላይ የሆነው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያሳየውም ቦታ ጠባብ ነው። በቅርብ ለሚታደን ሰፋ አድርጎ የሚያሳይ ይሻላል» አለኝ።

ያም ሆኖ ትልቁን፣ አሥራ ስድስት ቁጥሩን አንሥቼ በመስኮት አየሁበት። ማዶ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ መቆንጠጫው ሳይቀር ታየኝ። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእኔ እጅ ነው ብዬ ተውሁት። የገዛሁት አሥራ ስድስቱን ነው። ጸሎት አድርሼበት፣ ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ የእመቤታችንን ሥዕል አስገብቼ፣ ወደ አገር በምትገባ ሴት እጅ ላክሁለት።

«ደረሰህ? እንዴት ነው?» አልሁት።

«ጥሩ ነው እቴ። እግዜር ይስጥሽ።»

«ይዘኸው ውጣ እንግዲህ፣ ቤት እንዳታስቀምጠው።»

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ «ሳምንቱን በምን አየህ?» እለዋለሁ። እንደ ቀልድ ነበር የምጠይቀው። «ባንቺው ነው» ይለኛል።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሄደና ስልኩ ተዘጋ። አንድ እሑድ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ጎረቤት ብጠይቅ «ከተማውን ለቋል» ከማለት በቀር የሚነግረኝ አጣሁ። ለምኜ የአንድ ወር ፈቃድ አገኘሁና ገባሁ። ቤቱ ተቆልፏል። ሌላ የማውቀው ሰው የሥራ ጓደኛው ከድር ነው። አገሩ በሮቤ በኩል ነው፤ በሚኒባስ ሄጄ የቀረውን በጋሪ ደረስሁ።

ከድር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ ግቢ። ተነሥቼ እንዳልቀበልሽ አንዱ እግሬ አሰላ ቀርቷል» ብሎ ሳቀ።

«ደረጀ የታለ?»

«መጀመሪያ ተቀመጪ።»

የነገረኝ ይህን ነው። በቀስት የሚያድን ፈረንጅ ይዘው ወጡ። ደረጀና እንግዳው አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠው ቀሩ። ከድር በነፋሱ በኩል ዞረ፤ አጋዘኑ የሰው ሽታ ሲደርሰው ወደ እነሱ እንዲሄድ ነው። እንደታሰበውም አጋዘኑ ወጥቶ ቆመ። ከድር ግን ከታሰበው በላይ ተጠግቶ ነበርና ከአጋዘኑ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ባለበት ተኛ። ደረጀ በእኔ መነጽር አየ። ዓይኑን የሞላው ቀንዱና አንገቱ ነው። ጎን ያለው ከድር መነጽሩ ውስጥ አልገባም። «ንጹሕ ነው» አለ። ቀስቱ የአጋዘኑን ጀርባ ሳተ፤ የአስታ ግንድ ነክቶ ዞረና የከድር ጉልበት ላይ ተሰካ። በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስኪያገኙ ግማሽ ቀን ሄደ።

«አሮጌዋ መነጽር ብትሆን ራሴ ላይ የጠመጠምኩትን ሻሽ ታሳየው ነበር» አለኝ። «ቦርሳው ውስጥ ነበረች እኮ። ወላሂ ስንት ጊዜ ነገርኩት። በዚህማ ሂድና የዝዋይን ዓሣ ቁጠርበት፣ ለአርባ እርምጃ አይሆንም አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

ከድር መሬት መሬት አየ። «‹እሑድ እቴ ትጠይቀኛለች፤ እሷን መዋሸት አልችልም› አለኝ።»

ደረጀ ሆስፒታል ድረስ ተከትሎት አሥራ አንድ ቀን ከአልጋው ሥር ተኛ። በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት አልነበረም። በሞያሌ በኩል ወጣ የሚል ወሬ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለ ከድር። «ሽማግሌም ተቀምጦ ይቅር ብሎታል። ራሱን ይቅር አላለም እንጂ።»

መነጽሩን እሱ ጋ ነው ትቶት የሄደው። ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። «የእናንተ ሥዕል አለበት ብዬ መሬት አላስነካሁትም» አለኝ። አውርጄ ግቢው ጫፍ ድረስ አርባ እርምጃ ቆጠርሁ። ዞሬ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ከድርን አየሁበት። የሸሚዙ ቁልፍ ታየኝ። ፊቱን ፈልጌ አጣሁት።

አሁን ሻርጃ ተመልሻለሁ። እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፤ ጸሎቴ ግን ከጣሪያው የሚያልፍ አይመስለኝም። ደረጀ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዋሸኝ፤ «ጥሩ ነው እቴ» ያለኝ ዕለት። ያንን አመንሁት። «ስምንት ይበቃኛል» ያለኝን ነው ያላመንሁት።

እሑድ እሑድ ያንኑ ቁጥር እደውላለሁ። አይሠራም ይለኛል። አንድ ቀን ቢያነሣው፣ ምንም አልጠይቀውም።