የአራተኛ ፎቅ ሆራ

"ያላዩት አገር አይናፍቅም" ያለው ሰው አስተማሪ ሆኖ አያውቅም። እኔ ባሕር ሳላይ ሃያ ስድስት ዓመት ባሕር አስተምሬያለሁ። አሰላ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በየዓመቱ ስለ ኮራል፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ስለሚበቅለው እንስሳ፣ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር እስላለሁ፤ የሳልኩት ነገር ደግሞ የአበባ ጎመን ይመስላል። ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ የአበባ ጎመን ይስላሉ፤ ፈተና ላይም ያንኑ ጎመን ስለው ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። እንዲህ ተስማምተን ስንኖር አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዷ ተነስታ "ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?" አለችኝ። "ጥያቄሽ ከትምህርቱ ውጪ ነው፣ ተቀመጪ" አልኳት። እሷ ተቀመጠች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አልተቀመጠም።

ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር። ፈረንጁ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ነበረው። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ የበቀሉ ኮራሎች፣ ከነሱም ጋር ሁለት ብርቱካንማ አሳዎች። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ሁሉ ለወንድሜ ትቶለት ሄደ። ወንድሜ የሚኖረው ተከራይቶ ነው፤ አከራዩ ድመት እንኳ አያስገቡም። ደወለልኝ።

"አንቺ ስለዚህ ነገር ታስተምሪ የለ?" አለኝ።

"ማስተማር ሌላ፣ ማኖር ሌላ" ማለት ሲገባኝ "አምጣው" አልኩት።

በአይሱዙ መጣ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ገንዳውን ያወጡልኝ ስድስት ወዛደሮች መጀመሪያ ፍሪጅ መስሏቸው ነበር። አሳዎቹ በባልዲ ሲከተሉ አንደኛው "እነዚህ ለጾም ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። ከሥሬ ያለው ጎረቤቴ ክብደቱን ከሰማ ጀምሮ ምሳውን ጣሪያውን እያየ መብላት ጀመረ። የሕንጻው ኮሚቴም ተልኮብኝ መጣ። ኮሚቴው አሳዎቹን ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆየና የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ሄደ።

የመጀመሪያው ሳምንት ኮራሎቹ ሁሉ ተኮማትረው ድንጋይ መስለው ነበር። በስምንተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ትልቁ ኮራል ተከፍቶ አገኘሁት። አረንጓዴ ነው፤ ጣት ጣት የሚያካክሉ ለስላሳ ነገሮች አሉት፤ ውሃው በነካቸው ቁጥር ይወዛወዛሉ። ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ቀረሁ። የአበባ ጎመን በፍጹም አይመስልም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የዋሸኋቸው ልጆች በሰልፍ ታዩኝና አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ዲግሪ ይዣለሁ፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶኛል፤ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ደስታው ሥራ ነበረው። አሰላ ብርድ ነው፤ ኮራል ደግሞ የቆላ ልጅ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ውሃ የሚያንቀሳቅሰው ሞተርም ይቆማሉ። ያን ጊዜ ብርድ ልብሱንም ጋቢውንም ለገንዳው አለብስና እኔ በሹራብ ቁጭ ብዬ ውሃውን በጭልፋ አማስላለሁ። ጨው እንኳ የወጥ ጨው አይሆንም፤ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሰው እየለመነ የሚልክልኝ የራሱ ጨው አለው። በየቅዳሜው ሁለት ጀሪካን አሮጌ ውሃ ተቀድቶ ይወጣል፣ በምትኩ አዲስ የተበጠበጠ ይገባል። እኔም አሮጌውን አራት ፎቅ ተሸክሜ ወርጄ ግቢው ጥግ ካለው ቦይ እደፋው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስደፋ ግራውንድ ላይ የሚኖሩት እማማ አዩኝ። እማማ የአርሲ ገጠር ሰው ናቸው። ልጃቸው ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው አምጥቶ አስገባቸው፤ እሳቸው ገቡ እንጂ ልባቸው አልገባም። ላማቸውን ከተማው ዳር ዘመዳቸው ግቢ አስቀምጠው በየቀኑ በባጃጅ ሄደው ይጠይቋታል። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ቀመሱት።

"ይሄ ሆራ ነው" አሉ።

"አይደለም እማማ፣ የባሕር ውሃ ነው። ማለቴ እንደ ባሕር ውሃ የተሠራ ነው።"

"ሆራ ነው እኮ ነው የምልሽ። ሆራ ይደፋል እንዴ? ነውር አይደለም?"

ሆራ በእኛ አካባቢ ከብት ለጨዉ ብሎ የሚጠጣው የምንጭ ውሃ ነው። ሰው ላሞቹን ሆራ ለማጠጣት ግማሽ ቀን ይነዳል። ለእማማ ስለ ባሕር አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና ጀሪካኖቹን ወሰዱ። እኔም የአቅሜን አስጠነቀቅኩ፤ እንዳለ እንዳያጠጧት፣ በንጹሕ ውሃ አቅጥነው ጭዱ ላይ ብቻ እንዲረጩት ነገርኳቸው። "ቶሌ፣ ቶሌ" አሉኝ፣ እሺ ማለታቸው ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሊትር ወተት ይዘው አራተኛ ፎቅ ወጡ። "ወላሂ፣ ወተቷ ጨምሯል" አሉ። ዝናብ ስለጣለ ሣሩ ይሆናል እንዳልል ወተቱን እየጠጣሁ ነበር። ወሬው ግን ከወተቱ ፈጥኖ ሄደ። ወር ሳይሞላ ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ላይ አምስት ሴቶች ጀሪካን ይዘው ይሰለፉ ጀመር። እማማ ተራ አስከባሪ ሆኑ። ሳይንስ ሊያስተምር የመጣ ገንዳ የከብት መጠጫ ሆነብኝ ብዬ ለወንድሜ ስነግረው "ቢያንስ አንድ ተማሪ አገኘሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ለፈተና ቁጥጥር አቦምሳ ተመደብኩ። ለአምስት ቀን ነው። ቁልፉን ለእማማ ሰጠሁ። ውሃው ሲጎድል እስከ መስመሩ ንጹሕ ውሃ እንዲጨምሩ፣ ለአሳዎቹ ቁንጥር ምግብ እንዲጥሉ አሳየኋቸው። በር ላይ ስንደርስም እጃቸውን ይዤ "እማማ፣ አደራ፤ እንደ ራስዎ ነገር ይዩልኝ" አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

አቦምሳ ሙቀቱ የኮራል ነው። ተማሪ እየጠበቅሁ፣ ላቤ እየወረደ፣ አረንጓዴውን እዚህ ባመጣሁት ኖሮ ጋቢ ባላስፈለገው እያልኩ አምስቱን ቀን ጨረስኩ።

ስመለስ የቤቴ በር ተከፍቷል፤ እማማና አምስቱ ሴቶች ሳሎን ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል። ፊታቸው ሠርግ ነው። እጅጌያቸው ተሰብስቧል። አንዷ ትከሻ ላይ ጨርቅ፣ የሌላዋ እጅ ላይ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አለ። ገንዳው ያበራል። መስታወቱ ያበራል፣ ውሃው ያበራል፣ ድንጋዮቹ ደግሞ አንድ በአንድ ተፈግፍገው፣ ነጭ ሆነው፣ በመጠን በመጠናቸው ተደርድረዋል።

"እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቲቸር" አሉ እማማ። "ዛሬ ጠዋት ጠረግንልሽ።"

ቦርሳዬን እንደያዝኩ ወደ ገንዳው ተጠጋሁ።

"አረንቋ ሆኖ ነበር እኮ። ድንጋዩ ሁሉ ሽበት አውጥቶ፣ ቡናማ ነገር በቅሎበት። ውሃውን እስከ ታች ቀድተን፣ ፈግፍገን፣ አዲስ ሞላን። ሁለት ኪሎ ጨውም ጨምረንበታል፤ ሆራነቱ እንዳይጠፋ።"

ያ ቡናማ ነገር ሰባት ዓይነት ኮራል ነበር። ሶፋው ሩቅ ስለመሰለኝ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ማነው ጥረጉ ያላችሁ?"

እማማ ግራ ገባቸው። "የሚጠጣበትን ምንጭ የማይጠርግ ሰው አለ እንዴ? ከብቶቻችን ስንት ቅዳሜ ጠጡ። አንድ ቀን እንኳ መጥረጊያ ይዘን አለመምጣታችን ያሳፍራል። እንደ ራስዎ አላልሽም?"

"ገደላችሁት" አልኩ። "ምንም ሳታውቁ ገብታችሁ ገደላችሁት።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እናቴ ለሚሆኑ ሴት፣ አምስት ሰው ፊት፣ ደክመው ላባቸውን ሳይጠርጉ ይህን ተናገርኩ። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እማማ ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱና ሳፋ አቅፈው ተመለሱ። ሳፋው ውስጥ በአሮጌው ውሃ ሁለቱ አሳዎች አሉ። ከአሳዎቹ አጠገብም አረንጓዴው፣ ድንጋዩ ላይ እንዳለ፣ ጣቶቹን ሁሉ ውጦ ተቀምጧል።

"አሳዎቹ አዲሱን ውሃ ስለጠሉት አወጣናቸው" አሉ። "ይሄንን ደግሞ እኔ ነኝ ያስጣልኩት። አንዷ ልትፈገፍገው ስትነካው ጣቶቹን ሰበሰበ። ሲነኩት የሚያፍር ነገር ነፍስ አለው፣ ተይው አልኳት።"

ነፍስ ካለው ውሃ ያስፈልገዋል። ያውም የራሱ ውሃ፣ ያውም ዛሬ፤ ሳፋው እየቀዘቀዘ ነው። ጨዉን አየሁ፤ ከረጢቱ ውስጥ ሁለት እፍኝ ቀርቷል፣ ወንድሜ የሚልከው ደግሞ በሳምንቱ ነው።

"አሮጌውን ውሃ የት ደፋችሁት?"

"ሆራ ይደፋል?" አሉ እማማ፣ በዚህ ሁሉ መሐል ተቆጥተው። "ሰባት ጀሪካን ነው። ለየከብቱ ተከፋፈለ።"

ስለዚህ እኔና እማማ ባሕር ፍለጋ በባጃጅ ወጣን። የመጀመሪያው ቤት ስንደርስ ውሃው ጭድ ላይ ተረጭቶ ላሚቱ እያመነዠከች ተቀበለችን። እንደዚያ ቀን ላም ጠልቼ አላውቅም። ሁለተኛው ቤት ሁለት ጀሪካን አለ፣ አልተነካም፤ ባለቤቱ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ አልሰጥም አሉ። "ለከብት የተሰጠ ሆራ ይመለሳል እንዴ? የት አገር ነው እንዲህ ያለ?" እኔ ስለ ጨው መጠን ማስረዳት ልጀምር ስል እማማ ክንዴን ያዙ።

"አራተኛ ፎቅ ላይ በሽተኛ አለብን" አሉ።

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ጀሪካኖቹን ራሳቸው ተሸክመው ባጃጁ ውስጥ አስገቡና "አላህ ያሽርላችሁ" አሉ። ከሦስተኛው ቤት ሁለት ጨመርን። እግራችንን ጀሪካን ላይ ሰቅለን ስንመለስ ባጃጁ ዳገቱን አልወጣ ብሎ አቃሰተ። ሾፌሩ ልጅ ዞሮ "ምንድነው እንዲህ የከበደው?" ቢል እማማ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ባሕር ነው" አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሆራ አላሉትም።

አራቱን ጀሪካን ሴቶቹ ተሸክመው አወጡልኝ። አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። ገንዳው ተገልብጦ፣ ታጥቦ፣ አሮጌው ውሃ ሲመለስ ግማሹ ድረስ መጣ። ማሞቂያውን አበራሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ አረንጓዴውን መሐል አስቀመጥኩ። አሳዎቹ ወዲያው አካባቢውን ዞሩ። እሱ ግን የተጨበጠ እጅ መስሎ ቀረ።

አልተከፈተም። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልተከፈተም። ከሃያ ስድስት ዓመት ማስተማር የተማርኩት ነገር ቢኖር አስተማሪ ይቅርታ መጠየቅ እንደማይችል ነው፤ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር በእማማ በር እንዳይሰሙኝ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ አለፍኩ። አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የዐስር ሶላታቸውን ሰግደው አራቱን ፎቅ እያረፉ ወጡ። ወተቱንም አላስቀሩም። "እጄ አመድ አፋሽ ነው፣ ምን ላድርገው" ይሉና ገንዳው ፊት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። እኔ ደብተር አርማለሁ። ቃል ሳንለዋወጥ አንድ ሰዓት ተቀምጠን እንለያያለን።

በዘጠነኛው ቀን ደብተር ላይ አቀርቅሬ "ቲቸር" የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ቀና አልኩ። ከጭብጡ መሐል አንድ አረንጓዴ ጣት ወጥቷል። ቆይቶ ሁለተኛው ተከተለ። ወንበሬን ጎትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ያን ዕለት የተናገርኩት..." ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤

"ቀስ በይ" አሉኝ። "ይዘጋብናል።"

"ይቅርታ" አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ጣት ሲወጣ ዓይናቸውን ሳያነሱ ጠየቁኝ፤ "ያ ትልቁ ባሕር፣ እውነተኛው፣ ማን ነው የሚጠርገው?"

"ማንም አይጠርገውም።"

"ይሄ ሁሉ ሰው እየተጠቀመበት?" አሉና ዞረው አዩኝ። ያለማሾፍ ነው የጠየቁት። "ምን ይመስላል? አይተሽዋል?"

ያቺ የኋላ ወንበር ልጅ ትዝ አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከትምህርቱ ውጪ ነው ማለት እችል ነበር።

"አላየሁትም እማማ" አልኩ። "አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።"

ተገርመው ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። ወንበራቸውን ትንሽ ወደ እኔ አስጠጉና "እኔም አላየሁ" አሉ። አራተኛው ጣት እስኪወጣ አብረን አየን።

ሲነሱ በር ላይ ቆሙ። "ለላሚቱ ግን፣ ቅዳሜ ውሃ አለ?"

"በዚህ ቅዳሜ የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይኖራል።"

"ቶሌ" አሉ፤ ግድግዳውን እየተደገፉ መውረድ ጀመሩ። ደብተሬን አስቀምጬ ክንዳቸውን ይዤ እስከ ግራውንድ አወረድኳቸው።