ሐይቁ ስንት ሜትር ይጠልቃል?

አስጎብኚነት የጀመርኩ ቀን የደረሱኝ ሁለት ፈረንጆች ነበሩ፤ ባልና ሚስት። ከሐይቅ ከተማ በእግር ወደ ውሃው ዳር ወረድን። ሴትዮዋ ሸምበቆው ውስጥ የቆመ አንገተ ረጅም ወፍ አየችና ስሙን ጠየቀችኝ። ወፉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን ጠይቄው አላውቅም። ዝም ማለቱ አሳፈረኝና የአጎቴን ስም ሰጠሁት። «አለሙ ይባላል» አልኳት። አጎቴም አንገተ ረጅም ስለነበር ያን ያህል ውሸት አልመሰለኝም። «አለሙ፣ አለሙ» እያለች ፎቶ አነሳችው።

ሥራው ተራ አለው። ጠዋት የአስጎብኚዎች ማኅበር ቢሮ ሄደህ መዝገብ ላይ ትፈርማለህ፣ ባጅህን አንገትህ ላይ ታንጠለጥላለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ። ጀማሪ ሐይቁን ብቻ ያስጎበኛል። ዋና አስጎብኚ አምባሰልንና ግሸንን ይጨምራል። እኔ ዋና የሆንኩት በእውቀት አይደለም፤ በሳንባ ነው። የግሸንን ዳገት ወሬ ሳያቋርጥ የሚወጣ ሌላ ሰው አልተገኘም።

አንድ ሕግ ነበረኝ፤ እንግዳ ፊት «አላውቅም» አይባልም። ሁሉም የሚጠይቀው የሐይቁን ጥልቀት ነው። ጠዋት ጉልበት ሲኖረኝ መቶ ሃምሳ ሜትር እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲደክመኝ ዘጠና።

መጨረሻው አላማረም። የጠዋትና የከሰዓት እንግዶቼ ደሴ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኙና ማስታወሻቸውን አስተያዩ። ከዚያ ተያይዘው ቢሮ መጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሰይድ አብሮ አደጌ ነው። አስጠራኝ።

«አንተ ተሾመ፣ ይሄ ሐይቅ በግማሽ ቀን ስልሳ ሜትር ጎደለ እንዴ?»

«ዝናቡ ዘግይቶ ይሆናል።»

«ወላሂ አልቀልድም። ባጅህን አስቀምጥ።»

አስቀመጥኩ። ያኔ ሮም የምትሠራው ልጄ ሰናይት ለጉብኝት ጠርታኝ ቪዛው ወጥቶልኝ ነበር። ሰይድም ያውቃል። «ሂድ» አለኝ፣ «እዚያ ያሉት አስጎብኚዎች እንዴት እንደሚሠሩ እይ። ስትመለስ አንድ እንግዳ እሰጥሃለሁ፤ እኔም ከኋላችሁ እሄዳለሁ። አንዲት ነገር ከራስህ ብትፈጥር ስምህን ከመዝገቡ እሰርዛለሁ።»

እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ያለ ባጅ እኔ ሐይቅ ዳር የሚያወራ ሽማግሌ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ደግሞ በሐይቅ ሞልቷል።

ሮም በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ሰናይት በእንግሊዝኛ ከሚጎበኝ ቡድን ጋር አስመዘገበችኝ። «አባዬ፣ እባክህ ጥያቄ አታብዛ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

አስጎብኚያችን ፓውላ ትባላለች፤ ስልሳ ያለፋት፣ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የምትሄድ ሴት ናት። ሌላው ሰው ሕንፃውን ሲያይ እኔ እሷን አያለሁ። በየደረስንበት መጀመሪያ እኛን ጥላ ውስጥ ታቆማለች፤ ራሷ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። በእኔ ጉብኝት ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥላው ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ጥንት ሰው ከሰውና ከአውሬ ይታገልበት የነበረው ኮሎሲየም ስንደርስ ግድግዳው ወንፊት መስሎ አየሁትና ቀዳዳዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቅኳት። ድንጋዮቹን ያያያዘ ብረት ነበረበት፤ በኋላ ዘመን ሰዎች እየቦረቦሩ ወስደውት ነው አለች። መልሱ ጣፈጠኝና ሌላ ጨመርኩ። «እዚህ ውስጥ ስንት ሰው ሞተ?»

«አላውቅም» አለች። «ልክ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰውም አላጋጠመኝም።»

ዙሪያዬን አየሁ። ተቆጥቶ የሄደ የለም። እንዲያውም ራቅ ብለው የቆሙት ቀረብ አሉ። 

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። ፓንቴዎን የሚሉት አሮጌ ሕንፃ ዘንድ ደረስን። ትላልቅ ምሰሶዎች የተሸከሙት በረንዳ አለው። ፓውላ የጥንት ቤተ ጣዖት እንደነበረና ዛሬ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ስትነግረን ሌላ አልጠበቅኩም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ አንዱ ምሰሶ ሥር አስቀመጥኩ፣ ተሳለምኩ፣ ገባሁ። ሰይድም ቢሆን ያወልቅ ነበር፤ እኛ አገር የጸሎት ቤት ደጃፍ ጫማ ለብሶ የሚያልፍ የለም። እዚያ ግን ያወለቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። የካልሲዬ ቀዳዳ የግራ አውራ ጣቴን ለሕዝብ አሳየ።

ጣራው መሐል ላይ ክፍት ነው፤ ዝናቡ በቀዳዳው ይወርዳል። ውሃው የት እንደሚሄድ ለማየት ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ፓውላ መጣችና ወለሉ ላይ ያሉትን ትናንሽ መውረጃዎች አሳየችኝ። ከዚያ እግሬን አየች። ጃንጥላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ስንወጣ ጫማው የለም።

«ጫማዬ የት ሄደ?»

«አላውቅም» አለች። «የሚያውቀውን ሰው ግን አውቃለሁ።» ክንዴን ይዛ ወደ ጥበቃው ወሰደችኝ። ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው ብሎ አንስቶታል፤ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አመጣልኝ። ምሰሶው ሥር ተቀምጬ ጫማዬን እያሰርኩ የሰማሁትን ደጋግሜ አሰብኩ። እኔ «አላውቅም» ከሚለው ሸሽቼ ስለኖርኩ «የሚያውቀውን ሰው አውቃለሁ» የሚለው ላይ ደርሼ አላውቅም።

ሐይቅ ስመለስ ሰይድ ቃሉን ጠበቀ። መምህር ነኝ ያለ አንድ ፈረንጅ ሰጠኝና ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ተከተለን። ውሃው ዳር እንደደረስን ሰውዬው ጠየቀ። «ስንት ሜትር ይጠልቃል?»

መቶ ሃያ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሰይድ ከኋላ ሳል አደረገ።

«አላውቅም» አልኩ። የግሸን ዳገት እንዲያ ከብዶኝ አያውቅም። «የሚያውቅ ሰው ግን አለ።»

ዓሣ አጥማጁ ይመር ታንኳው አጠገብ መረቡን እየሰበሰበ ነበር። ጥያቄውን አቀረብኩለት።

«የት ጋ ማለትዎ ነው ጋሽ ተሾመ?»

«ሐይቁ ነዋ!»

«ሐይቅ እኮ አንድ ዓይነት አይደለም። እዚህ ሸምበቆው ጋ መቅዘፊያዬ መሬት ይነካል። እዚያ ውሃው የሚጠቁርበት ጋ ሁለት ገመድ ቀጥዬ፣ ድንጋይ አስሬ ብጥል አይነካም። ከዚያ በታች ያለውን አላህ ያውቃል።»

ፈረንጁ ገመዱን ለማየት ጠየቀ። ከዚያ ስለ መረቡ፣ ከዚያ ዓሣው በየትኛው ወር ወደ ዳር እንደሚመጣ። ለምሳ ካሰብነው ሰዓት አለፍን። እኔ እየተረጎምኩ ስለማስጎበኘው ሐይቅ ገና መስማቴ ነበር። መሐል ላይ እንግዳውን ረስቼ የራሴን ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ይመርም «እርስዎ ደግሞ አዲስ ሰው ነዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ስንመለስ ሰይድ ደርሶብኝ ከጎኔ ሄደ።

«ፈተናውን ይመር አልፏል» አለ።

«እኔስ?»

«አንተማ አስተርጓሚ ነበርክ።» ከኪሱ ባጁን አወጣ። «እንካ፣ ውሰድ።»

ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ እስኪል ድረስ ሠራሁበት። ሥራውን ለያዛችሁት የምለው አጭር ነው። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ ቀጥላችሁ የሚያውቀው ሰው ዘንድ እንግዳውን ውሰዱት። አለማወቃችሁን እንግዳው እዚያው ይረሳዋል። የፈጠራችሁትን ግን ጽፎ ይዞት ይሄዳል።