ጫጩቶቹን ብርድ እንዳይመታቸው

አባቴ ብርድን የሚፈራውን ያህል እግዜርን ቢፈራ ኖሮ ይሄኔ ጻድቅ ነበር። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሰው በላብ ተዘፍቆ እሱ "ዝጉት እንጂ መስኮቱን፣ ብርድ ሊመታን ነው!" ብሎ ይጣላል።

በቅነሳ ከሥራ ሲወጣ የቀድሞ አለቃው የጥበቃ ሥራ አገኘለት፤ ያውም እዚያው መሥሪያ ቤት፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲገባ ሲወጣ በኖረበት በር ላይ። አባቴ ሞቶ ቢገኝ ይሻለው ነበር። "ዶሮዎቹን ልሽጥና እነግርሃለሁ" አለው። ዶሮ የሚባል ገና አልገዛም ነበር።

ሐሳቡ ግን ክፉ አልነበረም። የሥጋ ዶሮ በአርባ አምስት ቀን ይደርሳል፤ ሐምሌ አጋማሽ የገባ ጫጩት ለእንቁጣጣሽ ይሸጣል። ጫጩቶቹን የሸጠችልን ሴት "ጋሼ፣ ክረምቱ ከባድ ነው፤ ያሙቋቸው። ግን አየርም ይግባላቸው" አለችው። እሱ "ያሙቋቸው" የሚለውን ብቻ ሰማ።

እናቴና እኔ መኝታ ክፍላችንን ለቀን ሳሎን ወለል ላይ ተኛን። ክፍሉ ሰጋቱራ ተነጠፈበት፣ አምፖል ተንጠለጠለበት። ቤቱ በኩስ ሽታ ታፈነ። ሦስት ሳምንት አባቴ የጫጩቶቹን ደረት እየዳበሰ "ሥጋ ያዙ!" ይል ነበር፤ ፊቱ ወዝ አወጣ። እኔም እያጉረመረምኩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ዝናቡ እየወረደ መብራት ጠፋ። አባቴ እኔ ገርበብ ያደረግኩትን መስኮት ዘጋ፣ የበሩን ሥር በአሮጌ ጋቢ ወተፈ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠ።

"አባዬ፣ አይታፈኑም?"

"ፍም እኮ ነው! ፍም መች ይገድላል? የሚገድለው ብርድ ነው።"

ከእሱ ጋር መከራከር ታከተኝ። እሱ መኖ ሊገዛ ወጣ፤ እኔ በረንዳ ላይ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ የጫጩቶቹ ድምፅ ጠፋ። ሞቋቸው ተኙ ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ አባቴ መኖውን እንደተሸከመ በሩን ከፈተ። ጫጩቶቹ ጥግ ለጥግ ተደራርበው ወድቀዋል። አንዱን አንስቶ ደረቱን ዳበሰው፤ አንገቱ ተንጠለጠለ። እናቴ ነፍስ ያለው ከተገኘ አባቴ ባርኮ እንዲያርደው ቢላዋ ይዛ ሮጠች። አንድም አልተገኘም። ሁሉም በክት ሆነ፤ እንኳን ሊሸጥ ለእኛም የማይበላ።

"ብርድ ፈጀብኝ" አለ አባቴ። "ቀደም ብዬ መዝጋት ነበረብኝ።"

እውነቱን አልነገርኩትም። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ፤ ድምፃቸው ሲጠፋ የት እንደነበርኩ እንዳይጠይቀኝ ነው።

በእንቁጣጣሽ ማግስት የጥበቃውን ካፖርት ለበሰ። ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ገና አንድ ጊዜ እንደጎረሰ የአለቃው መኪና መጣ። ተስፈንጥሮ ተነሳና የግቢውን በር ከፍቶ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳ። ሰውየው ስልክ እያወራ አለፈ። አባቴ እጁን ቶሎ አላወረደም።

"አላየኝም መሰለኝ" አለኝ።