ደሙን ውሰዱ፣ ውሃውን ተዉት

ልጄ ሐያት የሕክምና ተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ፀዳ ከተማ በሚገኘው ቤታችን እኔንና ወንድሜን ሰይድን አስቀምጣ፣ ክፍል ውስጥ የምታቀርበውን ጽሑፍ ትለማመድብን ነበር። ሴሎቻችን ኤክሶሶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ከረጢቶች ይለቃሉ አለች። ከአንጎል የወጡት ደም ውስጥ ይገባሉ፤ የወጡበትን ሴል ምልክትም ይዘው ይዞራሉ። ስለዚህ አንድ ቀን ከክንድ በተቀዳ ደም ብቻ የአንጎልን በሽታ መለየት፣ መድኃኒትም በእነሱ ጭኖ ወደ አንጎል መላክ ይቻል ይሆናል።

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን ወርወር አድርጌ አስቀመጥኩት። የተናደድኩት በልጄ አልነበረም።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሰይድ በአባታችን የእህል ሱቅ ይሠራል። ከማክሰኝት ሽምብራ ጭኖ ሲመለስ ሽፋሽፍቱ ድረስ አቧራ ለብሶ ይመጣና የሽምብራ እሸት ጭኔ ላይ ይበትንልኛል። አፌ ውስጥ ጨው ጨው የሚለው ጣዕሙ እስካሁን አለ። በዚያ በጋ ራሱን ያመው ጀመር። ፀሐይ መታኝ አለ። ከዚያ ማስታወክ መጣ፣ አንገቱም አልዞር አለ፤ በመጨረሻ እኔን እናቴ እያለ ይጠራኝ ጀመር።

ሆስፒታል አስተኛነው። እናቴ የሠራችውን አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ስገባ ወጣቱ ሐኪም አባቴን ያስረዳዋል።

“የአንጎል ሽፋን ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ከወገቡ በመርፌ ትንሽ ውሃ ቀድተን ካላየን በግምት ማከማችን ነው፣ አባት።”

አባቴ ወደ ጠያቂዎቹ ዞረ። እኛ ዘንድ በሽተኛን ሐኪም ብቻውን አያክመውም፤ ብርቱካን ይዞ የመጣ ሁሉ ምክርም ይዞ ይመጣል። የሱቅ ጎረቤታችን አያ ኑሩ ከአልጋው ጫፍ ተነሳ።

“ምነው ሐጂ! የእንድሪስን ልጅ ወገቡን ወግተውት አይደል ሽባ ሆኖ የቀረው? ይኸን የመሰለ ሸጋ ልጅ በቁሙ ሊቀብሩ ነው?”

“አባባ፣ የእንድሪስ ልጅ እኮ ሆስፒታል ሳይገባም መራመድ አቅቶት ነበር” አልኩ።

“ዝም በይ አንቺ!” አለኝ አባቴ።

የተናገርኩትን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ግን መርፌው የመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጥፋቱ መርፌው ላይ ተላከከ። አባቴ ወደ ሐኪሙ ዞሮ፣ “ደሙን ውሰዱ። ካነሰ ከእኔም ቅዱ። ውሃውን ግን አትንኩብኝ” አለ።

“ደሙ አይነግረንማ፣ አባት” አለ ሐኪሙ።

በግምት ታከመ፤ ግምቱም ሳተ። አልሻለው ሲል አባቴ ወደ ቤት መለሰው። ራሱን ሲስት ተሸክመነው ወደ ሆስፒታል ሮጥን፤ ያን ቀን ምክር የጠየቀ የለም። ይዘነው የሄድነው አጥሚት ሳይቀዘቅዝ ውሃው ተቀድቶ አለቀ። ቲቢ ነበር። መድኃኒቱን ለወራት ዋጠ፣ ዳነም። ዓይኑ ግን በዚያው ጠፋ።

አባቴ እስኪሞት ድረስ “አላህ ያለው ነው” ይል ነበር። በአላህ አምናለሁ። ውሃውን አትቅዱ ያለው ግን አያ ኑሩ ነው።

ሐያት አንብባ ስትጨርስ ሰይድ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ።

“ከክንድ ብቻ ነው ያልሽው?”

“አዎ አጎቴ። ግን ገና ጥናት ላይ ነው። እኛ ዘንድ መቼ እንደሚደርስ እንጃ።”

“የጠፋውንስ ይመልሳል?”

ልጄ ወረቀቷን አጠፈች። ዛሬም ታማሚ ልጠይቅ ስሄድ “ወገቡን እንዳታስወጉት” የሚል አላጣም። ደም እስኪናገር ድረስ ስንቱ ይጠፋ ይሆን?

ሰይድ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ክንዱን ዘርግቶ ነበር።

“አባባ ደም አልከለከለም እኮ” አለ ፈገግ ብሎ።

እሱ አባታችንን ይቅር ብሎታል። እኔ አላልኩም። እጅጌውን አውርጄ ቆለፍኩለትና ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።