በቀበሌው አዳራሽ የታየው ክፍል ሁለት

መዲና እንድሪስ ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለ የሴቶች ስፌት ማኅበር የተማሪ ልብስ የምትሰፋ፣ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ ልጅ ነበረች። በሺር ደግሞ የቢስቲማ ገጠር ልጅ ነው። በእሷው ቀበሌ ቤት ተከራይቶ እየኖረ በኮምቦልቻ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ይሠራል። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሽማግሌ ልኮ ተፈቀደለትና ኒካው ከረመዳን በኋላ እንዲታሰር ቀን ተቆረጠ።

በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥን አንድ የፍቅር ፊልም አሳየ። በቀበሌው ያለው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ሲሆን አዳራሹ ውስጥ በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጣል። ሰዉ ሞልቶ ስለነበር መዲናና በሺር በመስኮት ቆመው አዩት። ሰርካለም የምትባል ልጅ ወዳጇን ድንቁን ወደ ጦር ሜዳ ትሸኛለች። “ስመለስ ካውቶቡሱ ቀድሜ የምወርደው እኔ ነኝ” ይላታል። ስትጠብቅ ትኖራለች። መጨረሻ ላይ አውቶቡሱ መጥቶ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ፊልሙም እዚያው ላይ ያልቃል። ማን እንደወረደ አይታይም።

ደሴ ወርዷል አልወረደም እያለች ከረመች። የስፌት ቤቱ ሴቶችማ ሰርካለምን ድረው፣ ክርስትና አስነስተው፣ ለልጇ ስም እስከማውጣት ደረሱ።

“ወርዷል” አለ በሺር። “ካልወረደማ በሩን ለምን ይከፍቱታል?”

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በሺርን ከመኪናው ላይ አውርደው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። መዲና ወሬውን ሰምታ መናኸሪያ ስትደርስ ምልምሎቹን የጫኑት መኪኖች ሄደዋል። ካስመራ ሁለት ደብዳቤ መጣላት፣ ከዚያ በኋላ ግን ምንም የለም። በየወሩ ቀበሌ እየሄደች ትጠይቃለች። ሊቀመንበሩ ጓድ ፈንታሁንም “ግዳጅ ላይ ነው፤ ወሬ ሲመጣ እንነግርሻለን” ይላታል። አባቷ ሌላ ባል ባመጡላት ቁጥር “አባባ፣ አውቶቡሱ ገና አልመጣም” ትላቸዋለች። እሳቸውም ፊልሙን አይተውት ስለነበር ነገሩን ይተዉታል።

በሰማንያ አንድ መስከረም፣ በአብዮት በዓል ዋዜማ፣ የፊልሙ ክፍል ሁለት ይታያል ተባለ። ሰዉ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አዳራሹን ሞላው። መዲናም ከሥራ ባልደረባዋ ከረሂማ ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሰርካለም ሌላ ሴት ሆና መጣች። የፊተኛዋ ተዋናይ የት እንደገባች የሚያውቅ አልነበረም። ካውቶቡሱ የወረደውም ድንቁ አይደለም፤ የድንቁን ሞት ሊነግራት የመጣ አንድ መቶ አለቃ ነው። ሰርካለም አንዲት ዘለላ እንባ ሳትጥል ፈገግ አለችና “እሱ ቢወድቅ እናት አገር ትኑር” ብላ ወደ ስብሰባ ሄደች። የቀረው ፊልም ሁሉ ስብሰባ ሆነ። በመጨረሻ መቶ አለቃውን አገባች።

“ለዚህ ነው እንዴ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የተጎለትነው?” አለ አንድ ሰው ከኋላ። ፈንታሁን ተነስቶ ማጨብጨብ ሲጀምር ሰዉም እየተያየ ተከተለው። ያን ጊዜ መዲና ብድግ አለች።

“ውሸት ነው! ሰው የሞተበት እንዲህ አይስቅም። ወላሂ እንዲህ አይስቅም!”

ረሂማ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት፤ ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል። በነጋታው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዷት። አምስት ቀን ቀበሌው ውስጥ ታስራ በስድስተኛው ፈንታሁን ቢሮው አስጠራት።

“በበዓል ዋዜማ ሕዝብ ታሳምጫለሽ?”

“የጠላሁት ፊልሙን ነው፣ ጓድ። ለሞተው አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰለትም።”

“ሁሉም ቁጭ ብሎ ካለቀሰ ማን ይዋጋል? ያንቺውስ ሚያዝያ ላይ ሲወድቅ ቀበሌው መቼ ተንጫጫ?”

ከአፉ ያመለጠውን ራሱም ሰማው። መዲና ከጠረጴዛው ፊት አልተንቀሳቀሰችም። ፈንታሁን መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። ጦር ሜዳ የወደቁ የሦስት ሰዎች ስም ተጽፎበታል፤ የበሺር መሃል ላይ ነው።

“በየወሩ ስመጣ ያውቁ ነበር?” አለችው።

“ትእዛዝ ነው። የሕዝብ ሞራል…” አላት። ለማንም እንዳትናገር፣ ለቅሶም እንዳትቀመጥ አስፈርሞ ለቀቃት።

በማግስቱ ቢስቲማ ሄደች። የበሺር እናት እማ ዘሀራ ማሳቸው ዳር ሆነው ከሩቅ አዩዋት።

“ደብዳቤ መጣ እንዴ፣ ልጄ?”

መንገዱን ሙሉ ያጠናችው ቃል ጠፋባት። “ኢና ሊላሂ…” ብላ እግራቸው ሥር ተደፋች።

“መቼ?” አሉ አሮጊቷ።

“ሚያዝያ ላይ።”

“ሰኔ ላይ ፍየል አርጄ ዱዓ አስደርጌለት ነበር” አሉ እማ ዘሀራ። “በደህና እንዲመልስልኝ።”

ከዚያ ጮኹ። መዲናም አብራ ጮኸች። ወንድ ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የላከ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ እስኪመሽ ተለቀሰ።

መዲና ሰባት ቀን ተቀምጣ ወደ ደሴ ተመለሰች። ወረቀቱ ላይ ያየቻቸው ሁለቱ ስሞች ካይኗ አልጠፉም፤ የማን ልጆች እንደሆኑ ታውቃለች። ብትናገር ከማኅበሩ እንደሚያስወጧት አላጣችውም፤ አስወጧትም፤ ኮምቦልቻ ወርዳ በሰው በረንዳ ላይ የተቀደደ ጆንያ እየጠቀመች ነው ደርግ እስኪወድቅ የኖረችው። ያን ቀን ግን ቤቷ እንኳ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እናቶቹ ሄደች። የመጀመሪያዋ አቅፈዋት አለቀሱ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ እቴነሽ ገና ፊቷን ሲያዩ በሩን መልሰው ዘጉት።

“የልጄን ስም እንዳትጠሪብኝ!” አሉ ከውስጥ።

መዲና በሩ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ጠራችው።