የማሳመን ቃላትና የኦቾሎ ሣር

መቼ ነበር ብትሉኝ በትክክል አላውቀውም። የጫኖ ማንጎ በየመንገዱ ዳር የሚከመርበት ወቅት እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ ማንጎውን በመዓዛው እንጂ በመልኩ አልለየውም ነበርና። ሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ለብሰው ነበር።

እኔ ሸማኔ ነኝ። የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ ሽመናውን የተማርኩት ግን ኦቾሎ፣ ተራራው ላይ፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነው። ዱንጉዛ የሚባለውን የጋሞ ባለ ጥለት ልብስ ስሠራ ቀዩንና ጥቁሩን ክር ማምታታት ጀመርኩ። አንድ ደንበኛዬ ጨርቁን ዘርግቶ አየና፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ጥለት ነው ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሲሄድ ግን መወርወሪያዬን ሰቀልኩት።

ሐኪሙ ሞራው ይገፈፋል፣ እንደገና ታያለህ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። አሁን ጭላንጭል አለችኝ፤ ስለት ነክቷት እሷም ብትጠፋስ? ስለዚህ ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቤቴ ተቀመጥኩ።

አብራኝ የምትኖረው ልጄ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ያን ሰሞን ለተማሪዎቿ ሰውን ስለማሳመን የሚነገሩ ቃላትን እያዘጋጀች፣ ካርቶን ላይ በትልልቁ ትጽፍና ጮክ ብላ ታነብ ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ቃሎቹ ገቡኝ፤ እኔው ላይ ትሞክራቸው ነበራ።

ኮንቪንስ ማለት ጭንቅላትን እሺ ማሰኘት ነው አለችኝ። ፐርስዌድ ደግሞ እግርን ማስነሳት ነው። ሰውየው አምኖ ቁጭ ካለ ያው ኮንቪንስ ብቻ ነው፤ ተነስቶ ከሄደ ግን ፐርስዌድ ሆነ።

"አንተ እኮ አባዬ፣ አንዱንም አልሆንክልኝም" አለችኝ።

ኮክስ የሚባለው ማባበል ነው። ያን ዕለት ከጫሞ የወጣ ዓሣ ጠብሳ፣ ዳጣ አቅርባ፣ እሾሁን በእጇ እየለቀመች አጎረሰችኝ። መሀል ላይ የሆስፒታሉን ወሬ ጣል አደረገች። ዓሣውን በላሁ፤ ከመቀመጫዬ ግን አልተነሳሁም። አርጅ ደግሞ ጠዋት ማታ መወትወት ነው፤ እሱንም ቻልኩት። ፎርስ፣ ማስገደዱ ላይ ስትደርስ ባጃጅ በር ላይ አስቆመችብኝ። ሹፌሩን የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠይቄ፣ ሙዝ አስይዤ ሸኘሁት። ልጄ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ።

"ቃላት አለቁብኝ፣ አባዬ" አለች።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ኦቾሎ ላለችው ታላቅ እህቴ ደወለች።

ታላቅ እህቴ እናታችን እርሻ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ናት። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል፤ ለለቅሶ ካልሆነ በቀር ከተራራው አትወርድም። ከስልኩ በኋላ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ሳለ ሳሏን ሰምቼ አወቅኳት። ልቀበላት ስነሳ ሰላም አላለችኝም። ተንበርክካ ልብሷ መሬት ሲነካ ሰማሁ፤ ከዚያ ባዶ እግሬን ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት። እርጥብ ሣር ነው። መንገድ ላይ እንዳይጠወልግ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አምጥታዋለች።

በእኛ ጋሞዎች ዘንድ ሰዎች ተጣልተው ነገር ሲከር፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሀል ላይ ይንበረከካሉ። ያንን ሣር ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ጎሜ ነው፤ ከሰውም ከምድርም የሚያጣላ ነውር። ዛሬ ብዙዎቻችን የቸርች ሰዎች ነን፤ ቢሆንም ሣር የተራመደ ሰው አላውቅም። ደግሞ ለዓይን ተብሎ ሣር ሲያዝ ሰምቼም አላውቅ።

"እትዬ፣ ከማን ጋር ተጣላሁና ነው?" አልኳት።

"ከዓይንህ ጋር። ላስታርቃችሁ መጣሁ።"

ኧረ ተነሺ፣ ታላቅ ለታናሽ አይንበረከክም ብዬ ለመንኳት።

"ይሄ ጉልበት እንደማይታጠፍ ታውቃለህ" አለችኝ። "ዛሬ ታጠፈ። እሺ ሳትል አይዘረጋም።"

እሺ አልኳት። እኔና ልጄ ግራና ቀኝ ይዘን አነሳናት።

ፍርሃቱ ጠፋ ብል እዋሻለሁ። ሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ እህቴ በአንድ እጇ እጄን፣ በሌላው ሣሯን ይዛ ተቀመጠች። ስሜ ሲጠራ ጀርባዬን ቸብ አደረገችኝ።

በማግሥቱ የአንዱ ዓይኔ ፋሻ ሲፈታ ብርሃኑ አስነጠሰኝ። ቀስ ብሎ ጠራልኝ። ትይዩዬ እህቴ ተቀምጣለች፤ እንዲህ ማርጀቷን አላየሁም ነበር። ጭኗ ላይ ያ ሣር አለ።

"እትዬ፣ ሣርሽ እኮ ደርቋል" አልኳት። "ቢጫ ሆኗል።"

እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ልጄ ናት የሳቀችው፤ እያለቀሰች።

ለሁለተኛው ዓይኔ ሣር አላስፈለገም፤ በእግሬ ሄድኩ። አሁን ቀዩን ከጥቁሩ እለያለሁ፤ መወርወሪያዬም ከተሰቀለበት ወርዷል። ልጄ የአክስቷን ሥራ ከየትኛው ቃል ሥር ልጻፈው ብላ ስትጠይቀኝ፣ እንጃ አልኳት፤ እኔ ላይ እግሬ ቀድሞ ሄደ፣ ጭንቅላቴ ያመነው ፋሻው ሲፈታ ነው። ቃሎቹን ያወቅኩት ከልጄ ነው፤ እድሜ ይስጣት። ያንን ፍርሃት ያሻገረችኝ ግን በልጅነቴ በጀርባዋ ያዘለችኝ፣ ታላቅ እህቴ ናት።