በኮምፒውተር የተሻገርነው ድልድይ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አዳማ

ስመ ሥላሴን ጠርቼ ተነሣሁ። እኔ የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ፤ እንጀራ አዳማ ጥሎኛል፤ ያለችኝ ዘመድ አቃቂ የምትኖር እህቴ ናት። ዓምና በከተራ ታቦት ሲወርድ ጠባቡ ድልድይ ላይ ግፊያ ሆነና ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ዘንድሮ "አልወርድም" ብላለች። ልጇ ማህሌት ደግሞ የሕዝቡን አካሄድ በኮምፒውተር አስመስላ ሠርታ፣ ከሰዓት በኋላ ለደብሩ ሽማግሌዎች ልታሳይ ነው። "አክስቴ፣ መጀመሪያ አንቺ እይልኝ" ብላ ጠራችኝ።

በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በአሮጌው መንገድ ሞጆን፣ ቢሾፍቱን፣ ዱከምን አለፍን። "ማዘር፣ ዘንቢሉን ከላይ ልጫነው?" አለ ረዳቱ። "ዳቦ ነው ልጄ፣ ጭኔ ላይ ይሁን።"

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቃሊቲ

ማህሌት ከመናኸሪያው ተቀብላ፣ በከባድ መኪናዎች መሀል እጄን ይዛ ቢሮዋ አስገባችኝ። የገና ጾም ስለሆነ ቁርሷን አልነካሁም።

ስክሪኑን ስትከፍተው አፌን ያዝኩ። ድልድዩ ከነዝገቱ፣ ወንዙ ከነአረፋው! ሕዝቡ ይሄዳል፤ ሁሉም የየራሱ እርምጃ አለው፤ ከፊቱ ያለው ሲቆም ይቆማል፣ ክፍተት ሲያገኝ ይገባል። ማውሱን ስታዞረው አንዴ ከሰማይ ቁልቁል፣ አንዴ ከሕዝቡ መሀል ሆነን አየን።

"ቢጫ ነጠላ የለበሰችው እማዬ ናት።"

ቢጫዋ በሰላም ተሻገረች። ተመስገን አልኩ። ደግሜ ሳየው ግን አንድ ነገር ጎደለኝ።

"ማሂዬ፣ ምንጣፍ አንጣፊዎቹ የታሉ?"

"የትኞቹ?"

"ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ጠቅልለው፣ በሕዝቡ መሀል ሮጠው ከፊት ያነጥፉት የለ!"

ራሷን ያዘች። "ወይኔ! ሕዝቡን እየሮጠ የሚያልፍ ሰው አላስገባሁም።"

ሃያ አንጣፊዎች ጨመረች። ጥቅሉን ይዘው ድልድዩ ላይ ሲሮጡ ሕዝቡ ወደ ዳር ተገፋ፤ ቢጫዋ የድልድዩ መደገፊያ ብረት ላይ ተጣበቀች። የዓምናው ግፊያ ራሱ ነበር። አማተብኩ።

"ድልድዩ ላይ ማንም አይጠቅልል" አልኳት። "አስቀድሞ ከዳር እስከ ዳር ይነጠፍ።"

ጊዜውን ወደ ኋላ መልሳ፣ ምንጣፉን ዘርግታ እንደገና አስጀመረችው። ቢጫዋ ተሻገረች።

ስምንት ሰዓት

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ከመካከላቸው አንድ ቄስ "እስቲ ድገሚልኝ" እያሉ ሦስቴ አዩት። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። "ዓምና እነዚህን አንጣፊ ልጆች ስድ አደግ ብለን ገሠጽናቸው። ለካ መንገድ ነው ያጡት! እንዳልሽው ይነጠፋል፣ ልጄ።"

እኔም ዓምና ረግሜያቸው ነበር። ይቅር ይበለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አዳማ

ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳልሰቅል እህቴ ደወለች። ዓይናችን ታቦቱ ላይ ሲሆን ከእግራችን ሥር የሚሠሩትን አናይም፤ ያቺ ልጅ ግን ሁላችንንም ከላይ አሳየችን አልኳት።

"ሰምቻለሁ። እወርዳለሁ" አለች። "ብቻ ቢጫ ነጠላ እንደሌለኝ ንገሪያት።"